ስልጠናው ለመድረኩ ይሁን

«ሕዝባችን ጥያቄ መጠየቅ አይችልም፤ ብሶት ነው የሚያወራው።» ይህን ያሉት ሰሞኑን በአንድ የአዲስ አበባ ወረዳ ስለ ውሃ መቆራረጥ ነዋሪ ሰብስበው ያወያዩን ኃላፊ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸው ብቻ ቢሆኑማ ምን ነበረበት። መፍትሔውንም እዚያው ነገሩን። ለነዋሪ ተወካዮች የአደባባይ ንግግር ስልጠና ሊሰጥ ነው። ቧንቧው ደርቆ እኛ አፋችንን ልንሠለጥን ነው ማለት ነው።

ማስረጃቸውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ማይክ ሲደርሳቸው ስለ ልጃቸው ሕመም ማውራት ጀመሩ። «እናቴ፣ ከርዕስ አይውጡ» ተባሉና ማይኩን ተቀበሏቸው። ኃላፊው በኋላ «አያችሁ፣ የምላችሁ ይሄንን ነው» ብለው እኚህኑ ሴትዮ ምሳሌ አደረጓቸው። ሴትዮዋ ግን ከርዕስ አልወጡም! አጠገባቸው ለተቀመጥነው ጨርሰው ነገሩን። ልጁ የታመመው ውሃ ሲጠፋ ከየትም በጀሪካን የመጣ ውሃ ጠጥቶ ነው። እዚያ ለመድረስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር የቀራቸው። የሁለት ዓረፍተ ነገር ትዕግሥት ያጣ መድረክ ነው እንግዲህ ንግግር ሊያስተምረን የተነሳው።

ኃላፊው ተረትም ጣል አድርገዋል፦ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል»። ደስ የሚል ተረት ነው። ግን ተረቱ ፊት ለፊት የሚሰማ ዳኛ እንዳለ ቆጥሮ ነው የተተረተው። ዳኛው ስልኩን እየነካካ ከሆነ አነጋገሩ ቢያምር ባያምር ማን ሊፈርድ ነው?

ነገሩ በንግግር ማማር ቢሆንማ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ይፈረድልን ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አናወጡት። ንጉሡ ጫጫታው እስኪያልፍ ዝም ብለው ጠበቁና በገዛ ቋንቋቸው፣ በአማርኛ፣ ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ተሰጣቸው ባዶ ተስፋ አንድ በአንድ ተናገሩ። የትኛውም የንግግር አሠልጣኝ እንከን አያወጣለትም። ከዚያስ? ወር ሳይሞላ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሳ። ተናጋሪው ምንም አልጎደለውም፤ አዳራሹ ነው ጆሮ ያልነበረው።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ አገር መስማትን በሥርዓት የያዘ አገር መሆኑ ነው። የድሮውን በላ ልበልሃ አስቡት። ተሟጋቾቹ ቆመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በማር በበቅሎ እየተወራረዱ ይከራከራሉ። ሁላችንም የምናወራው ስለ ግጥሙና ስለ አንደበቱ ነው። ግን «ተጠየቅ» የተባለ ሰው ባላንጣው ያለውን አንዷን ቃል ካልያዘ በምን ይመልሳል? ያልተጠየቀውን ቢመልስ በዙሪያው የቆመው ሰው ነው የሚስቅበት። ስለዚህ ጥሩ ተሟጋች ማለት መጀመሪያ ጥሩ ሰሚ ነው። ዳኞቹም አስተያየት የሚሰጡት ከታች ጀምረው ነበር። በማዕረግ ያነሰው ይቀድማል፣ ከዚያ ከእሱ ከፍ ያለው፣ እንዲህ እያለ ይወጣል፤ በንጉሥ ችሎት ከሆነ ንጉሡ ከሁሉም በኋላ ይናገራል። ብልሃቱ ግልጽ ነው። ትልቁ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ የሚለው ያንኑ ነው፣ አለዚያም ዝም ይላል። ትልቁን መጨረሻ ላይ ስታደርገው ግን ወደደም ጠላም ሁሉንም ሰምቶ ነው አፉን የሚከፍተው።

ዛሬ ይህን ገልብጠን ይዘነዋል። ሥልጣን ያለው ሰው በመክፈቻ ንግግር ይጀምራል፤ «እንደሚታወቀው» እያለ የሚታወቀውን ሁሉ ይነግረናል። ከዚያ «አስቸኳይ ስብሰባ ስላለባቸው» ተብሎ አጨብጭበን እንሸኘዋለን። መስማት ያለበት ሰው ሄደ ማለት ነው! ቀጥሎ አንዱ ይነሳና ግድግዳው ላይ ያለውን ፓወር ፖይንት፣ እኛም ማንበብ የምንችለውን፣ ከላይ እስከ ታች ያነብልናል። ሻይ እንጠጣለን። ስንመለስ «ሰዓት ስለገፋ ለአምስት ሰው ብቻ ዕድል እንስጥ፣ አጠር አጠር አድርጉ» ይባላል። ጥያቄዎቹም አንድ በአንድ አይመለሱም። ተሰብስበው፣ ተጨፍልቀው «ጥቅል ምላሽ» ይሰጥባቸዋል፤ ቀላሉ ተመርጦ ይመለሳል፣ ከባዱ «በግብዓትነት ተወስዷል»። ይህ አሠራር ላለመስማት ሆን ተብሎ የተበጀ ነው። በአጋጣሚ እንዲህ ሊገጣጠም አይችልም፣ ማንም አያሳምነኝም።

አዎ፣ ማይክ ሲያገኝ ከአዳም ጀምሮ የሚተርክ ሰው አለ። አልክድም። ግን ያ ሰው ሙሉ ጠዋት ታፍኖ ቆይቶ፣ ሌላ ዕድል እንደማይደርሰው እያወቀ ነው የሚነሳው። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመበትን ሁሉ በዚያች ደቂቃ ሊዘረግፍ ነው። በጊዜ ዕድል ስጡት፣ ለብቻው መልሱለት፤ የሚያንዛዛ ሰው ከተገኘ እኔ በማር እወራረዳለሁ።

መስማት ደግሞ ጭንቅላት መነቅነቅ አይደለም። ሰውየው ሲጨርስ «እርስዎ ያሉት እንዲህ ነው? በትክክል ገብቶኛል?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ነው። ያልገባን ነገር ካለ ማስደገም ነው። የማያውቁትን «አላውቅም፣ አጣርቼ በዚህ ቀን እመልሳለሁ» ማለት ነው፤ ቀኑን ጠርቶ። በሰው ሐሳብ መሃል ገብቶ «ገባኝ፣ ገባኝ» አለማለትም አለበት። የኛ መድረኮች «ገባኝ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ «በቃህ» ማለታቸው እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

እና ስልጠናው ይቅር አልልም። አዳራሹም አሠልጣኙም ተዘጋጅቷል አሉ። ሠልጣኞቹ ብቻ ይቀየሩ። ከፊት ወንበር ላይ የመድረክ መሪዎቹና ኃላፊዎቹ ይቀመጡ፣ ስልካቸውን በር ላይ ያስቀምጡ፣ ነዋሪው ያውራ። የሚፈተኑትም በቀጣዩ ስብሰባ ይሁን፦ ሲያልቅ ወረቀት ሳያዩ የሦስት ነዋሪዎችን ጥያቄ ከነምክንያቱ ይድገሙልን። ያልቻለ ሰርተፊኬት አይሰጠው። የስልጠና አበሉም ይቅርበት።