ሼፐርድ (እረኛ) የተባለ ውሻ ሁሉ በግ አይነዳም!

ቆይ ግን፣ ጆሮው የቆመ ቡናማ ውሻ ሁሉ ጀርመን ሼፐርድ ነው ያለው ማነው? ፎቶ ተለጥፎ «ዝርያው ምንድነው?» ሲባል ሰው ሁሉ ተሽቀዳድሞ «ጀርመን!» ይላል። ማሊኑዋ (የቤልጂግ እረኛ ውሻ) ነው ስትሉት ደግሞ «እሱማ የከሳ ጀርመን ነው» ይላችኋል። ወይ ጉድ!

እሺ፣ ከጀርመኑ እንጀምር። ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል የፈረሰኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ካርልስሩኸ ላይ አንድ ውሻ ገዛ፤ ስሙን ሆራንድ ብሎ ቀየረና በዝርያው መዝገብ ቁጥር 1 አድርጎ አሰፈረው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች «ጀርመን» የሚለው ቃል ስላስጠላቸው «አልሳሺያን» አሉት። የድሮ ስሙን የመለሱለት በ1977 ነው። እና «አልሳሺያን ከጀርመኑ ይለያል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል» የሚላችሁ ሻጭ ያንኑ ውሻ ስም ቀይሮ ነው የሚሸጥላችሁ።

አውስትራሊያን ሼፐርድስ? እሱ መልክ የያዘው በምዕራብ አሜሪካ የእርባታ ቦታዎች ነው። ማሊኑዋ ስሙን ያገኘው ከቤልጂጓ ሜኸለን ከተማ ነው፤ ግሩነንዳል፣ ቴርቩረንና ላከኑዋ ወንድሞቹ ሲሆኑ የሚለያዩት በጸጉርና በቀለም ነው። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ኤፍሲአይ አራቱንም አንድ ዝርያ ይላል፤ የአሜሪካው የውሻ ክበብ ግን ለየብቻ ይመዘግባቸዋል። የዘር ወረቀት ስታነቡ የማን መዝገብ እንደሆነ እዩ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ካንጋል የሚባለውን የቱርክ ውሻ ወይም የካውካሰስ ሼፐርድ ገዝቶ «በግ አልነዳ አለኝ» ብሎ ማማረር ነው። አይነዳማ! ጠባቂ ነዋ! ከቡችላነቱ ጀምሮ ከበጎች ጋር ያድራል፤ ተኩላ ሲመጣ መሃል ገብቶ ይቆማል፣ በቃ ሥራው ይኸው ነው። ቦርደር ኮሊ የሚባለው በግ ነጂ ውሻ ሌላ ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ ከኋላ በሰፊው ዞሮ መንጋውን ወደ እረኛው ያመጣል። ይሄ የአደን ጠባይ ነው፤ በምርጫ እርባታ መግደሉ ብቻ ተገታ። እሱን ብቻውን ከበጎች ጋር ብታሳድሩት ሲያሯሩጣቸው ያድራል።

የስም ነገር ነፍስም ያስከፍላል። ኮሊ፣ አውስትራሊያን ሼፐርድና ሼትላንድ ሺፕዶግ ላይ ኤምዲአር1 የሚባለው የጂን ጉድለት በብዛት ይገኛል። ጤነኛው ጂን መድኃኒት ወደ አንጎል እንዳይዘልቅ የሚመልስ ፕሮቲን ይሠራል፤ ጉድለት ካለ አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል። ለልብ ትል መከላከያ የሚሰጠው ትንሽ መጠን አይጎዳውም። ለከብት የተዘጋጀውን ከሰጣችሁት ግን ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል። በቅርቡ አይቨርሜክቲን የተሰጠውን ከብት ፋንድያ መብላት ብቻ እንኳ ሊመርዘው ይችላል!

ታዲያ የሕክምና ካርዱ ላይ በግምት «ጀርመን» ያስጻፋችሁትን የኮሊ ቅልቅል ሐኪሙ በምን ይለየው? የማታውቁትን «ቅልቅል» በሉና የጂን ምርመራውን አስቀድሙ፤ ጉንጩን ከውስጥ በጥጥ ማሸት እኮ ነው።