ቤት ስንገዛ ቫኑ የት ያድራል?

አሜሪካ ውስጥ በቧንቧ፣ በኤሌክትሪክ፣ በቀለም ወይም በጽዳት ሥራ የሚተዳደር ሰው ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን ነው። መሰላል የተጫነበት ቫን ማታ የት እንደሚያድር የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ፣ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ያኔ ረፍዷል። በካውንቲው መዝገብ ላይ የሰፈረ ደንብ አነበበውም አላነበበውም ገዢውን ያስረዋል፤ «አልነገሩኝም» ማለት አያዋጣም። ስለዚህ ሥራው በመኪናው ላይ የቆመ ሰው ፍለጋውን ከቫኑ መጀመር አለበት ባይ ነኝ።

ደንቡ ከአንድ ቦታ አይመጣም። የጎዳና ላይ ማቆምን ከተማው ይወስናል። በግቢ ውስጥ ምን ዓይነት ተሽከርካሪ ማሳደር እንደሚቻል የከተማው ወይም የካውንቲው የዞን ደንብ፣ ማለትም መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስነው ሕግ፣ ይናገራል። በዚህ ላይ ኤችኦኤ የሚባለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የራሱን ይጨምራል። አንዱ መፍቀዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሦስቱንም ማለፍ ያስፈልጋል። ማስታወቂያው ላይ «ኤችኦኤ የለውም» የሚለውን አይተው የሚረኩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ማኅበር በሌለበት ሰፈርም ቦታው ድሮ ሲሸነሸን የተመዘገበ ገደብ ሊኖር ይችላል። ሂውስተን ዋና ምሳሌ ናት፦ የዞን ሕግ የላትም፤ በንብረት ሰነድ ላይ የሰፈሩ ገደቦችን ግን የከተማው ጠበቃ ቢሮ ራሱ ፍርድ ቤት ወስዶ ሊያስከብር ይችላል። እንዲህ ያለው ገደብ የሚገኘው የንብረቱን ባለቤትነት የሚያጣራው የታይትል ኩባንያ ከክሎዚንግ (ግዢው ከሚጠናቀቅበት ፊርማ) በፊት በሚልከው ሰነድ፣ «ስኬጁል ቢ» በሚባለው ክፍል ነው። ብዙ ገዢ ያን ገጽ ሳያየው ያልፋል።

ዋናው ነገር ያለው ትርጓሜው ላይ ነው። «የንግድ ተሽከርካሪ ማሳደር ክልክል ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ያ ማኅበር የንግድ ተሽከርካሪ የሚለው ምኑን እንደሆነ የትርጓሜው አንቀጽ ውስጥ መፈለግ ነው። አንዳንዱ በጽሑፍና በአርማ ይለያል። አንዳንዱ በጣሪያ ላይ መደርደሪያ፣ በመሰላል፣ ውጭ በሚታይ መሣሪያ። ሌላው በሰሌዳው ዓይነት፣ በቁመት ወይም በክብደት።

ክብደት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚያሳየው አይደለም። አምራቹ የወሰነው ከነጭነቱ ያለው ከፍተኛ ክብደት፣ ጂቪደብልዩአር የሚባለው ነው፤ በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ባዶውን 5,000 ፓውንድ ግድም የሚመዝን የፎርድ ትራንዚት ቫን እዚያ ላይ ከ9,000 በላይ ተጽፎበት ሊገኝ ይችላል። በኤፍ-250 ፒካፕ ላይ ደግሞ ልክ 10,000 ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ደንቡ «ከ10,000 በላይ» ካለ መኪናው ያልፋል፤ «10,000 እና ከዚያ በላይ» ካለ ይወድቃል። የአንድ ቃል ልዩነት ቤት ያስቀይራል።

«ጋራዥ ውስጥ አስገባዋለሁ» የሚለው መልስም በሜትር መፈተሽ አለበት። የተለመደው የጋራዥ በር ቁመት 7 ጫማ፣ ማለትም 84 ኢንች ነው። ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ትራንዚት በኢንች ልዩነት ሊገባ ይችላል፤ መደርደሪያ ከተገጠመበት አይሞከርም። ባለ ከፍተኛ ጣሪያው 9 ጫማ ያልፋል። ረጅሙ ሞዴል 22 ጫማ ስለሆነ 20 ጫማ ጥልቀት ባለው ጋራዥ በሩ አይዘጋም። ከጎዳናው ወደ ጋራዡ የሚያስገባው ድራይቭዌይም ይለካ፦ የመኪናው ጭራ የእግረኛ መንገዱን ከዘጋ፣ ኤችኦኤው ዝም ቢል እንኳ ከተማው ይቀጣል።

ማታ ማታ ተነቅሎ የሚገባ የማግኔት ማስታወቂያ ብዙዎችን ይጠቅማል፤ የሚሠራው ግን ትርጓሜው በጽሑፍ ላይ ብቻ ሲመሠረት ነው። ከ2015 ሞዴል ወዲህ ያለው የፎርድ ኤፍ-150 ፒካፕ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት ጨርሶ አይዘውም። ይህን ማስታወቂያው ተሠርቶ ከተከፈለበት በኋላ የሚያውቅ አይጠፋም።

በእኔ እምነት ጽሑፍን መከልከል ራሱ ደካማ ደንብ ነው። ያው ቫን ነጭ ሆኖ ሲቆም ማንንም ካላስቸገረ፣ የድርጅት ስም ሲጻፍበት መንገድ አያጠብም። ፍሎሪዳ ይህን ተቀብላለች። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በግዛቱ ያሉ ኤችኦኤዎች ነዋሪው የሥራ መኪናውን በራሱ ድራይቭዌይ ላይ እንዳያቆም መከልከል አይችሉም፤ ጽሑፍም አርማም ቢኖርበት። ሕጉ የማይሸፍነው 26,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነውን ወይም ሦስትና ከዚያ በላይ አክስል (የጎማ ዘንግ) ያለውን ከባድ ተሽከርካሪ ነው። ኮንዶሚኒየም ግን በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር ይህ ጥበቃ አይደርሰውም። አሪዞናና ኔቫዳ ጠበብ ያለ ጥበቃ አላቸው፦ ለድንገተኛ ጥሪ መኪናውን ቤታቸው እንዲያሳድሩ አሠሪያቸው የሚያስገድዳቸው የመብራት፣ የውኃና የመሰሉ አገልግሎቶች ሠራተኞች እስከ 20,000 ፓውንድ ድረስ ይፈቀድላቸዋል። በግሉ የሚሠራ ቀለም ቀቢ እዚያ ውስጥ የለበትም።

ሰነዱን ለማግኘት ኦፈር (የግዢ ጥያቄ) እስኪገባ መጠበቅ አያስፈልግም። የተመዘገበው ደንብ በካውንቲው መዝገብ ቤት ለማንም ክፍት ነው። ቴክሳስ ውስጥ 60 ቤትና ከዚያ በላይ ያላቸው ማኅበራት ሰነዶቻቸውን ድረ ገጽ ላይ እንዲያወጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ገዢው የማኅበሩን ሰነድ ከተቀበለ በኋላ ውል የሚያፈርስበት ጊዜ አለው፤ ውሉ ካላራዘመው 3 ቀን ብቻ ነው። ሦስት ቀን ለመቶ ገጽ አጭር ስለሆነ፣ መጀመሪያ ትርጓሜውን፣ ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያውን አንቀጽ፣ ከዚያ የማኅበሩ ቦርድ ለብቻው ያወጣውን ደንብ ማንበብ ይሻላል። ይህ የመጨረሻው በቦርድ ድምፅ ብቻ ሊለወጥ ስለሚችል ዛሬ የተፈቀደው ለከርሞ ላይኖር ይችላል። ዋናውን ሰነድ ለመቀየር ግን አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቶቹ ከፍተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ እዚያ ላይ ከተጻፈ የበለጠ ያስተማምናል።

ኤጀንቱ «ችግር የለም» ቢል፣ ጎረቤት ሁለት ቫን አቁሞ ቢታይ፣ ይህ ፈቃድ አይደለም። ጎረቤቱ ገና ያልተደረሰበት ሊሆን ይችላል። ለማኅበሩ አስተዳዳሪ በኢሜይል የመኪናውን ሞዴል፣ ዓመት፣ ጂቪደብልዩአር፣ ቁመትና ርዝመት፣ የጽሑፉንና የመደርደሪያውን ፎቶ ጨምሮ ልኮ «ይህ መኪና ድራይቭዌይ ላይ ማደር ይችላል ወይ?» ብሎ በጽሑፍ ማስመለስ ነው። መልሱ የትኛውን አንቀጽ እንደሚጠቅስም መጠየቅ ያስፈልጋል። ልዩ ፈቃድ ከተሰጠ ደግሞ ለመኪናው ነው ወይስ ለሰውየው፣ መኪና ሲቀየርስ ይቀጥላል ወይ የሚለው ከክሎዚንግ በፊት ይጣራ። ተከራይም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ የኤችኦኤው ደንብ እሱንም ይይዘዋል፣ ቅጣቱ ለባለቤቱ ቢላክም በኪራይ ውሉ በኩል ወደ እሱ ሊዞር ይችላል።

የከባድ ጭነት መኪና ሹፌሮች ነገር የተለየ ነው። ተጎታቹ ተፈትቶ እንኳ ራሱ ትራክተሩ፣ ማለትም የሚጎትተው የፊት ክፍል፣ 15,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ለቤት መኪና የፈሰሰ 4 ኢንች ኮንክሪት በዚህ ክብደት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የመኖሪያ ዞኑም አብዛኛውን ጊዜ አይፈቅድለትም። ለእነሱ የሚሆነው ሰፋ ያለ መሬት ያለው፣ ገጠር ቀመስ ዞን ነው፤ እሱንም ካውንቲውን በጽሑፍ ጠይቆ። አለዚያ ወርሃዊ የትራክ ማቆሚያ ኪራዩን ከሞርጌጁ ጋር ደምሮ፣ ቤቱን በዚያ ዋጋ ማስላት ነው።