ግዳይ በመስኮት

አደን ቀረ የሚል ሰው ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ማለዳ ቆሞ አያውቅም። እኔ ቆሜአለሁ። በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ጀግኖቻችን ሲያድኑ አይቻለሁ።

ግዳይ ማለት ታድኖ የተገደለ አውሬ ነው። «ገደለ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ገዳይም ወንድሙ ነው። ድሮ «ግዳይ ጣለ» ሲባል አንበሳ፣ ጎሽ ወይም ዝሆን አጋደመ ማለት ነበር። ሰውየው ዱካ ተከትሎ በረሃ ይወርዳል፤ አድፍጦ ያድራል፤ አንዳንዴም በዚያው ይቀራል። ከቀናው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። አንበሳ የጣለ ጎፈር ይደፋል፤ ዝሆን የጣለ ሎቲ ያንጠለጥላል።

ምን ያለ ከንቱ ድካም!

የዛሬው ገዳይ ብልህ ነው። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ጎን ለጎን ይሮጣል። በር ላይ መሰለፍ የፈሪ ነው። እሱ መስኮት ይመርጣል። አነጣጥሮ ጋቢውን ይወረውራል። ጋቢው ወንበር ላይ ሲያርፍ ስልኩን ያወጣና «ሃሎ! ግዳይ ጥያለሁ!» ይላል። ጥሏል አልጣለም? ጥሏል።

ከመንዝ የመጣው ደግሞ ባናውን፣ ያንን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይጥላል። ባና ከበድ ያለ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ሦስት ወንበር ያጋድማል። በአንድ ፌስታል ቆሎ ሁለት ወንበር የገደለም አለ። እንዲህ ያለውን ቅቤ አለመቀባት ግፍ ነው። (እዚያው መንዝ፣ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ዛሬም የሚንጎራደደው ማኅበረሰቡ ስለጠበቀው ነው ይባላል። እኔ ግን እላለሁ፣ አዳኞቹ በሙሉ መናኸሪያ ስለወረዱ ጭምር ነው።)

ባለፈው አንዲት እናት ተሰልፈው፣ በበር ገብተው ሊቀመጡ ሲሉ ከውጭ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ ተይዟል!»

«በማን፣ ልጄ?»

በመስኮት ጣቱን ወደ ባናው ቀሰረ። እሳቸውም ባናውን ቁልቁል አዩትና «እንደምን አደርክ?» አሉት። መልስ ሲያጡ ጠጋ አድርገውት ተቀመጡ።

ገዳዩ ተቆጣ። «ዘራፍ!» ማለት ብቻ ነው የቀረው። ይሄኔ ሾፌሩ ብቅ አለ።

«ይሄ አይወጣም። ተረኛው ያኛው ነው።»

ጋቢውም፣ ባናውም፣ ቆሎውም በመስኮት ተመልሰው ወጡ። እናት ብቻ በበር ወረዱ።