ጎንበስ ያለ ሁሉ የእኛ ነው

ዓይን ካሉ አይቀር የሌተርቦክሲንግ ተጫዋች ዓይን ነው!

ጨዋታውን ላልሰማ በአጭሩ ልንገረው። አንዱ ማኅተምና ደብተር ውሃ በማያስገባ ሳጥን ያደርግና ጫካ ውስጥ ይደብቃል፤ ፍንጩንም ይጽፋል። ሌላው ፍንጩን አንብቦ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ይፈልጋል። ሲያገኘው የሳጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር፣ የራሱን ማኅተም በሳጥኑ ደብተር ላይ ይመታል። ሳጥኑን እዚያው መልሶ ይደብቃል። ከዚያ ወደ ቤቱ። ሽልማት የለ፣ ገንዘብ የለ።

ጨዋታውን የሚያመሰግን አይጠፋም። እኔ ማሞገስ ያማረኝ ሌላውን ሙያቸውን ነው። በእግር ጉዞ መንገድ ላይ ከሚተላለፈው ሰው ሁሉ መሐል “የእኛ ሰው” የቱ እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያሉ።

ዋናው ሕግ መንገደኛ እንዳያይ ነው። ያየ ሰው ሳጥኑን ሊወስደው ይችላላ። ስለዚህ ጥንቃቄያቸው ለጉድ ነው። እስቲ አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። የወደቀ ግንድ አጠገብ ደርሷል። ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል። ያልተፈታ የጫማ ክር ፈትቶ ያስራል። ቀና ብሎ ወፍ ያደንቃል፤ ወፍ ግን የለም። ከዚያ በደረቱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ብብቱ ግንዱ ሥር ይከታል። ኮቴ ሲሰማ ብድግ ይልና ጭቃ በጠገበ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ “ሃሎ! ሃሎ!” ኔትወርክ በሌለበት። ሕፃን ልጅ እንኳ “እማዬ፣ ሰውየው ምን ደብቆ ነው?” ይላል። የእኛ ሊቅ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጓደኛውን በክርኑ ይጎስማል። “አየኸው? ይሄ ሰውዬ ከእኛ ነው።”

ወይ መራቀቅ!

ሌሎች ምልክቶችም አሏቸው። ጣት ላይ የቀረ የማኅተም ቀለም። ታጥፎ ታጥፎ ያለቀ ወረቀት። አቅጣጫ ጠቋሚ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ኮምፓስ ማየት። ይህን አይቶ የጠረጠረ ሰው ላይ አልፈርድም። ተሰጥኦው የሚታየው ግን ምልክት በሌለበት ነው። ወፍ ተመልካቹ የእነሱ ነው። እንጉዳይ ለቃሚዋ የእነሱ ናት። የመኪና ቁልፍ ጠፍቶባት ሣሩን የምትዳብሰው ምስኪንማ አለቃቸው ትመስላቸዋለች።

የሁሉ ቁንጮ ግን ሽንቱ ወጥሮት ከዛፍ ጀርባ ዘወር ያለው ሰውዬ ነው። በጨዋ ደንብ ራቅ ብለው ይጠብቁታል። ቀበቶውን እያጠበቀ ብቅ ሲል በፈገግታ ይቀበሉታል።

“አገኙት?”

“ምኑን?”

“ገብቶናል፣ ገብቶናል።” ጥቅሻ።

“ኧረ እኔ ለሽንት ነው...”

“ጎበዝ! ምስጢር መጠበቅ እንዲህ ነው!”

ልብ በሉ። አዎ ካለ የእነሱ ነው። አይደለሁም ካለ ደግሞ ከእነሱም የባሰ ጠንቃቃ ነው። ስህተት የሚባል ነገር ጨርሶ የማይነካው ጥበብ!

ምቀኞች ቁጥር ለመሙላት ነው ይላሉ። ሁለት ተጫዋቾች ሲገናኙ የግል ማኅተማቸውን፣ ብዙዎቹ ከላጲስ በእጃቸው የቀረጹትን፣ አንዱ በሌላው ደብተር ላይ ይመታሉ። የደበቁትንና ያገኙትን ሳጥን ብቻ ሳይሆን እንዲህ የተለዋወጡትንም የሚቆጥሩ አሉ። መንገደኛ ሁሉ ገና ያልተመታ ማኅተም ሆኖ ቢታያቸው ታዲያ ምን ይገርማል? እኔ ግን የሰው ፍቅር ነው እላለሁ።

የማዝነው ለጥንቶቹ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ፣ ዳርትሙር ላይ፣ ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ ክራንሚር ፑል ከተባለ ቦታ ጠርሙስ አስቀመጠ። እዚያ የደረሰ ሰው የስም ካርዱን ይተውበት ነበር። ያን ሁሉ ረግረግ አቋርጦ የመጣን ሰው “ከእኛ ነህ?” ብሎ የሚጠይቅ የለም። መገመት የለ፣ መጣቀስ የለ። እንዴት ይሰለቻል! ደግነቱ በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ የመጽሔት ጽሑፍ ጨዋታውን አሜሪካኖች ጋ አደረሰውና ሳጥኑም ቤተሰብ ከነውሻው ወደሚንሸራሸርበት መንገድ ወረደ። ሙያው ያኔ አበበ።

በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈተና መጣ። አሜሪካ ለሲቪሉ የምትለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን ባቆመች ማግስት ጂኦካሺንግ፣ በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ሳጥን የሚፈልጉበት ጨዋታ፣ ተወለደ። አሁን ግንድ ሥር እጁን የከተተ ሁሉ ማኅተም ፈላጊ አይደለም። ሊቃችን ማኅተሙን መዞ እየሮጠ ሲደርስ ያኛው በስልኩ ሳተላይት ይጠብቃል። ፊቱ ድርግም ይላል። “አይ፣ እናንተ ናችሁ?” ብሎ ይመለሳል። እሱም ሳጥን ፈላጊ፣ ያኛውም ሳጥን ፈላጊ፤ ግን ቁም ነገረኛው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

አንድ ጊዜ ብቻ ይህ ዓይን ይከዳቸዋል። ሁለት እውነተኛ ተጫዋቾች አንድ ሳጥን ጋ በአንድ ሰዓት ሲደርሱ። አንዱ የጫማ ክሩን ያስራል። ሌላው የሌለ ወፍ ያደንቃል። ክር አሳሪው ሌላኛውን ጫማውን ይጀምራል። ወፍ አድናቂው ውሃ ይጠጣል፣ ይቀመጣል፣ ብስኩት ያወጣል። ሳጥኑ መሐላቸው ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁለቱም እየተራገሙ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ማታ በየማስታወሻቸው የሚጽፉት ቃል በቃል አንድ ነው፦ “ሳጥኑ ጋ አንድ ባዕድ ተጥዶ አልነሳ አለኝ።”