ለድባቴ ሕመምተኛ «በርታ» ማለት ይብቃን

ወገኖቼ፣ ድባቴ የያዘውን ሰው ከብበን «በርታ እንጂ»፣ «ምን ጎደለህና ነው»፣ «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» ማለታችንን እንደ እርዳታ መቁጠር ይብቃን። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የሚያስጠላው፣ ይደሰትበት የነበረው ነገር ሁሉ የቀዘቀዘበት ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ በዚሁ ሁኔታ ከቆየ ታሟል፤ የታመመም ይታከማል እንጂ አይገሠጽም። ተግሣጹ የሚገባው ለእኛ ነው።

ድባቴ በንግግር ሕክምናም ይታከማል ሲባል «ለወሬ ሐኪም ቤት ምን ያስኬዳል?» የምትሉም አላችሁ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረውን የኮግኒቲቭ ሕክምና፣ ማለትም የሕመምተኛውን አስተሳሰብ በመመርመር የሚያክመውን የንግግር ሕክምና፣ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ሕመምተኛው «እኔ ለምንም አልረባም» ሲለው እንደ እኛ አይከራከረውም፣ አያባብለውምም። ሐሳቡ መቼና ምን ሲገጥመው እንደመጣ በወረቀት እንዲጽፍ ያደርገዋል፤ ከዚያም የሚደግፈውንና የሚቃረነውን ማስረጃ አብረው ይመረምራሉ። ይህ በየሳምንቱ በቀጠሮ የሚሠራና የቤት ሥራ ያለው ሕክምና ነው።

በተለይ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባው ግን ሕመምተኛውን ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴ የሚመልሰው ዘዴ ነው። ድባቴ ሰውን ከሥራው፣ ከዘመዱ፣ ከዕድሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ያርቀዋል፤ በራቀ ቁጥር ደስታ የሚሰጠውን ስለሚያጣ ድባቴው ይበረታበታል። ስለዚህ ሕክምናው ስሜቱ እስኪመለስ አይጠብቅም፤ ቀንና ሰዓት የተቆረጠላትን ትንሽ ተግባር፣ ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት እስከ ሱቅ ደርሶ መመለስን፣ ረቡዕ ከአንድ ወዳጅ ጋር ቡና መጠጣትን ያስቀድማል፤ ስሜቱ ከተግባሩ በኋላ ይከተላል። እኛ ግን ወይ «ደክሞታል» ብለን ጀበናውን ሳይቀር ከእጁ እንነጥቃለን፣ ወይ «ሰነፍ» ብለን የጤነኛ ሰው ሥራ እንጭንበታለን። ሁለቱም ያው አልጋው ላይ ያስቀሩታል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ማለትም አያዋጣም። በኡጋንዳ ገጠር፣ በአጭር ሥልጠና የተዘጋጁ የአካባቢው ሰዎች ሕመምተኞችን በቡድን ሰብስበው ስለ ሐዘን፣ ስለ ጠብና ስለ ኑሮ ለውጥ ለ16 ሳምንታት አወያዩአቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ሕክምናውን ያገኙት ካላገኙት እጅግ በላቀ መጠን እንደተሻላቸው አሳየ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ያሠለጠኗቸው እናቶችና አያቶች፣ የመጣውን ሰው ችግር አንድ በአንድ ለይተው መፍትሔ እንዲፈልግ ያግዙታል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ውጤታማነቱ ታይቷል። ለቅሶ ቤት ተሰብስቦ መቀመጥ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ መሆኑ ይገርመኛል።

ሕመሙ ለበረታበት ሰው መድኃኒትና የንግግር ሕክምና በአንድነት ይበልጥ ይረዳሉ። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለው የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአምስተኛው ቀን «ምንም አልሠራለትም» ብላችሁ አታስጥሉት፤ ከተሻለውም በኋላ ለወራት መውሰድ ስላለበት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታስቁሙት። ጠበል የሚወስደውንም ክኒኑን አትከልክሉት፤ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረው ነበር።

ስለ ሞት የሚያወራ ወይም ተስፋ መቁረጡ የከበደ ሰው ካያችሁ፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያሳድርበትም። «አዎ፣ አለኝ» ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ የተባይ ማጥፊያውንና በቤት የተከማቸውን መድኃኒት አርቁና በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።