ማስተካከያ፦ ስለ ክንድ ኢምፕላንትና ስለ ሦስት ወሩ መርፌ

ለደሴና ለኮምቦልቻ እህቶች የእርግዝና መከላከያዎችን ባነጻጸርኩበት ባለፈው ጽሑፌ «በክንድ የሚቀበረው ለ5 ዓመት ያገለግላል» ብዬ ነበር። ለ5 ዓመት የሚሰጠው ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴል ነው፤ ባለ አንድ ዘንጉ ኢምፕላኖን ግን ለ3 ዓመት ነው። የትኛው እንደተቀበረላችሁ ካላወቃችሁ ካርዳችሁን እዩ፤ ካርዱ ከጠፋ ጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ። ፈረቃ የሚይዛችሁ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች በተለይ የሚወጣበትን ቀን አትርሱ።

ሁለተኛው ስህተቴ ይበልጥ ያሳስበኛል። «መርፌም ኢምፕላንትም እንደቆመ ወዲያው ይጸነሳል» ያልኩት ለመርፌው ልክ አይደለም። ኢምፕላንት ወይም ሉፕ (በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው መከላከያ) ሲወጣ የመጸነስ አቅም ቶሎ ይመለሳል። የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዲፖ፣ ግን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመጸነስ 10 ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ያዘገያል እንጂ መካን አያደርግም። ይህን ሳይነገራት የጀመረች ሙሽራ «መከነች» የሚል የሰፈር ሐሜት ስትሸከም አይቻለሁ፤ ከመርፌው በፊት ሊነገራት ይገባ ነበር። ይህ ማለት ግን የመርፌ ቀጠሮ ያለፋት ሴት «ገና ነው» ብላ ትተማመን ማለት አይደለም፤ አንዳንዷ ቶሎ ትጸንሳለች።

ስለ ኮንዶም የጻፍኩት እንዳለ ነው፦ ካነጻጸርኳቸው ሁሉ ኤች አይ ቪንም የሚከላከለው እሱ ብቻ ነው።