ቀን ሎጎ፣ ማታ ጊታር

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። ይህን የተረተ ሰው ሮከርም ዲዛይነርም የሆነ ሰው አላየም። ይኼ ሰው ቀን ለሰው ሎጎ ይሠራል፤ ማታ ጊታሩን አንግቶ መድረክ ላይ ይጮኻል። ዲዛይነሮች “ሙዚቀኛ እኮ ነው” ይሉታል። ሙዚቀኞች ደግሞ “ዲዛይነር እኮ ነው” ይላሉ። ሁለቱም እንዲህ የሚሉት ሲያሙት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ ከበሮ መቺ ቻርሊ ዋትስ ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ዲዛይነር ነበር። የክዊን ባንድ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪም ለንደን ውስጥ ግራፊክስ ተምሮ በ1969 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። የክዊንን አርማ የነደፈውም ራሱ ነው። አርማው የአባላቱን ኮከብ የተከተለ ነው። ሁለቱ አንበሳ አንበሳ ደረሳቸው። ጊታር ተጫዋቹ ብሪያን ሜይ ሸርጣን ደረሰው። ፍሬዲ ለራሱ ሁለት የተረት ዓለም ቆነጃጅት መደበ። እርሳሱ በማን እጅ ሆነና!

ሌሎቹ ግን እንዲህ አልታደሉም። ከደንበኛ ሁሉ ክፉው የራስ ባንድ ነው። ክፍያ የለ፣ ቀብድ የለ፤ አስተያየት ግን እንደ ጉድ ነው። ድምፃዊው “ፎቶዬ ይተለቅ” ይላል። ቤዝ ተጫዋቹ “እኔ የታለሁ?” ብሎ ይጠይቃል። ሲፈለግ ከበሮው ጀርባ ይገኛል (መድረክ ላይም ቦታው እዚያው ነው)። ከበሮ መቺው ሁሉም ነገር ጥቁር እንዲሆን ይፈልጋል፤ ጽሑፉም ጭምር። “አይነበብም” ሲባል “የገባው ይገባዋል” ይላል። ሜታል የሚባለውን ከባድ ሮክ የሚጫወቱ ባንዶች ዘንድማ ስሙ ከተነበበ ሎጎው ከሽፏል ማለት ነው። የደረቀ ቁጥቋጦ ካልመሰለ አይጸድቅም።

ቀን ደንበኛው “ሎጎውን ትንሽ አተልቀው” ይለዋል። ማታ የድምፅ ባለሙያው “ጊታርህን ትንሽ ቀንሰው” ይለዋል። ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡለት ምን ነበረበት!

አንጀቱን የሚበላው ግን የአልበም ሽፋን ነው። በሸክላ ዘመን ሽፋን ጎኑ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሲዲ መጣና 12 ሳንቲሜትር አካባቢ አደረሰው። ዛሬ ስልክ ላይ ጥፍር ታክላለች። እሱ አሁንም ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦ ለእያንዳንዱ የጊታር ክር ጥላ ይሠራል። ያን ጥላ የሚያይለት ሰው የለም። ቤዝ ተጫዋቹ ብቻ ምስሉን እስከ መጨረሻው አጉልቶ፣ ከዳር እዳር አስሶ፣ “ዛሬም የለሁም” ብሎ ይደውልለታል።